እንጉዳዩና የተቆረጠው ንግግር

ሚዛን የሚለውን ስም ያወጣሁላት እኔ አይደለሁም፤ መሥሪያ ቤቱ ስቀጠር ሁሉም እንዲያ እያለ ሲጠራት ነው የደረስኩት። እኔ ዕቃ ግምጃ ቤት ነበርኩ። እሷ ደግሞ ከእኔ መስኮት ፊት ለፊት፣ እንጉዳይ ክፍል በሚባለው ላቦራቶሪ ውስጥ ቴክኒሻን ነበረች። ሻይ ላይ "ስኳር ስንት ላድርግልሽ?" ያላትን ሰው "ስምንት ግራም" ትለዋለች። ቀልዷን ይሁን የምሯን የሚያውቅ አልነበረም። ከውጭ ተምረው የመጡት ሁሉ ፈሳሽ የሚለኩበት ፒፔት እንዴት እንደሚያዝ የተማሩት ከእሷ ነው፤ ዶክተር ሲባሉ ግን እሷ ያው ሚዛን ነበረች።

እንጉዳይ ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው ዝናብ ሲጥል ከፍግ ላይ ብቅ የሚለውን የጅብ ጥላ ነው። እሷ ጋ ያለው ሌላ ነበር። ከሞተ ግንድ ላይ እንደ ጆሮ ተለጥፎ የሚበቅል፣ ላዩ ቫርኒሽ የተቀባ የሚመስል፣ ቀይ ቡናማ፣ ሲቀምሱት እንደ ሬት የሚመር። ታደርቀዋለች፣ ትፈጨዋለች፣ በውኃ ለሰዓታት ትቀቅለዋለች፣ ታጠልለዋለች። ከዚያ አልኮል ስትጨምርበት ከፈሳሹ ውስጥ ነጭ ዳመና የመሰለ ነገር ይነሣና ቀስ እያለ ወደ ታች ይዘቅጣል። ያ ነው የሚፈለገው። ቤታ ግሉካን ይሉታል። ከአንድ ኬሻ እንጉዳይ አውራ ጣት የምታክል ጠርሙስ እንኳን አይሞላም።

"ምን ይሠራል?" ብዬ ጠይቄያት ነበር፣ መጀመሪያ ሰሞን።

"የሰውነት ዘበኞች አሉ አይደል፣ በሽታ ሲገባ የሚነሡ? እነሱን ይቀሰቅሳል። ሌላውም ንጥረ ነገሩ የካንሰር ሴሎችን ያቀዘቅዛል። ሳህን ላይ ነው ታዲያ!"

"ሳህን ላይ ከሠራ ሰውነት ውስጥስ ለምን አይሠራም?"

"ኮምጣጤም ሳህን ላይ ሴል ይገድላል። በረኪናም ይገድላል። ትጠጣለህ?"

እንዲህ ነበረች። ሳህን የምትለው ሴሎቹ የሚያድጉባትን የመስታወት ዝርግ ነው። "ሳህን ላይ" የሚለውን ቃል ሳትጨምር ስለ እንጉዳይ ተናግራ አታውቅም ነበር።

ቤተሰቧ አንዲት ታናሽ እህቷ ነበረች። እናታቸው ስትሞት ሚዛን አሥራ ዘጠኝ፣ ታናሿ ስምንት ዓመቷ ነበር። ትልቋ ትንሿን አሳደገች፤ እሷን ትምህርት ቤት አድርሳ ሥራ እየገባች፣ የራሷን ዲፕሎማ በተልእኮ ተማረች። ትንሿን ሚጣ ነበር የምትላት። ሚጣ አድጋ ልብስ ሰፊ ሆነች፣ ጎሚስታ አገባች፣ ሴት ልጅ ወለደች፤ አርባ ስድስት ዓመት ሲሞላትም ሚጣ መባሉ አልቀረላትም። እሷም ታላቋን "እትዬ" እንጂ በስሟ ጠርታ አታውቅም። እትዬ ያለችው ሁሉ ትክክል ነው፤ በዚያ ቤት ይሄ አያከራክርም።

ነገሩ የተበላሸው በራዲዮ ነው።

አንድ ቀን የጤና ፕሮግራም ጋዜጠኛ መጣች። የእንጉዳዩን ጥናት የሚመራው ፕሮፌሰር ስብሰባ ሄዷል። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሚዛንን ጠርቶ "ሁለት ደቂቃ አነጋግሪያት" አላት። እሷ የለበሰችውን ነጭ ካፖርት አውልቃ የታጠበ ለበሰች።

"ለራዲዮ እኮ ነው" አልኳት።

"ድምፄ ንጹሕ እንዲሆን ነው" አለችኝ።

እዚያው ነበርኩ፤ የሚያጓራውን ማራገቢያ እንዳጠፋላቸው ጠርተውኝ ነው። የተናገረችውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንዲህ ነው ያለችው፦ "ከዚህ እንጉዳይ ያወጣነው ንጥረ ነገር በመስታወት ሳህን ላይ ያሉ የካንሰር ሴሎችን እድገት ገትቷል። ይህ ማለት ግን ሰውን ይፈውሳል ማለት አይደለም፤ ማንም ሰው ሕክምናውን ትቶ ይህን እንዳይወስድ።" አጥርታ፣ ሳትቸኩል።

ሐሙስ ቀን በምሳ ሰዓት ተላለፈ። ግምጃ ቤቱ ውስጥ ተሰብስበን አዳመጥን። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ወጣ። ቀጥሎ ሙዚቃ።

"ቆረጡት" አለች።

"ደውዪና ንገሪያቸው።"

"ነገ እደውላለሁ።"

ግን ስልኳ ያን ቀን ፋታ አልሰጣትም። ጎረቤት ደወለ፣ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ ደወለች። ሚጣ ደውላ እየጮኸች "እትዬ! ደንበኞቼ ሁሉ ሰሙሽ! መኪናዬን አቁሜ፣ መቀሴን አስቀምጬ፣ 'ዝም በሉ፣ እህቴ ናት' አልኳቸው!" ስትላት ድምፁ ለሁላችንም ተሰማን። ሚዛን እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ነገ የተባለው ሳምንት ሆነ፤ ሳምንቱም አለፈ። አልደወለችም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ራሷ ነገረችኝ፦ "ደስ ብሎኝ ነበር። እዚህ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ ድምፄን የሰማ ሰው አልነበረም። ብደውል የሚያፈርሱብኝ መሰለኝ።"

ስድስት ወር ያህል ቆይቶ እኔ ለጉልበቴ የሚሆን ነገር ፍለጋ ገበያ ወጣሁ። ከስልክ ጠጋኙና ከጫማ ቤቱ መካከል አዲስ ሱቅ ተከፍቷል፤ በሩ ላይ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ይጮኻል። ቆሜ አዳመጥኩ። የሚዛን ድምፅ ነው። "ከዚህ እንጉዳይ ያወጣነው ንጥረ ነገር የካንሰር ሴሎችን እድገት ገትቷል።" ሳህኗም ተቆርጣለች። ውስጥ ቆርቆሮዎች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል፤ የእንጉዳይ ዱቄት ለካንሰር፣ ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለጉልበት። ባለቤቱን ዶክተር ይሉታል፤ ከዚያ በፊት መጋረጃ ነበር የሚሸጠው።

እውነቱን ልናገር፦ ቆርቆሮዬን ገዝቼ ነው የወጣሁት። ጉልበቴ አሞኝ ነበር፤ ድምፁም የሚዛን ነው።

በማግስቱ ነገርኳት። በምሳ ሰዓት ተያይዘን ሄድን። በሩ ላይ ቆማ የራሷን ድምፅ ሦስት ጊዜ ሰማችና ገባች።

"ይሄ ድምፅ የኔ ነው" አለችው።

ሰውዬው ከወንበሩ ብድግ አለ። "እናታችን! እርስዎ ነዎት? ወንበር አምጡ!"

"አጥፋው።"

"ምን አጠፋሁ? እርስዎ ያላሉትን አንድ ቃል ጨምሬያለሁ?"

"ቀንሰሃል።"

"መቀነስ ውሸት ነው እንዴ እናቴ?" አለና አንድ ካርቶን ሙሉ ቆርቆሮ አንሥቶ ሊያሸክማት ተጠጋ። እሷ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ወጣች።

ለኃላፊው ተናገረች። "የመሥሪያ ቤቱ ስም አልተጠራ፣ ያንቺም ስም አልተጠራ፣ ምን ብለን እንክሰስ?" አላት። ለራዲዮ ጣቢያው ደብዳቤ ጻፈች፤ መልስ የለም። ድምፅ ማጉያው አንድ ሳምንት ዝም አለና እንደገና ጀመረ። ለሚጣ ግን ስለዚህ ጉዳይ ትንፍሽ አላለችም። ይህን ማንሣት ያን ቀን ያልደወለችውን ስልክ ማንሣት ሊሆንባት ነው፤ አፈረች። እህቷ ፊት አፍራ ስለማታውቅ እንዴት እንደሚታፈርም አታውቅበትም።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ ሲሆን ሚጣ ጡቷ ውስጥ እብጠት ነበረባት።

የታወቀው ከወራት በኋላ፣ አንድ እሑድ ረፋዱ ላይ ነው። ሚዛን የቀሚሷን ዚፕ ልታሠራ እህቷ ቤት ሄደች። ሚጣ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ በአንድ እጇ ትሠራለች፤ ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋዋለች።

"እጅሽን ምን ሆነሽ ነው?"

"ትከሻዬን ብርድ መቶኝ ነው።"

ሚዛን ተጠግታ ትከሻዋን ስትነካት ሚጣ እሪ አለች። አንገትጌዋን ሳብ አድርጋ ጡቷን አየችው። ያየችውን ለእኔ ስትነግረኝ "ቆዳው የብርቱካን ልጣጭ መስሏል" ብቻ ነው ያለችኝ።

"ስንት ጊዜ ሆነው?"

"ሰባት ወር። አትቆጪ እትዬ።"

"ሐኪም አላየውም?"

"አይቶታል። ናሙና ወስደው ነው የነገሩኝ። ቀዶ ጥገና፣ ከዚያ ኬሞ አሉኝ። ፈራሁ። ጡቴን ከሚቆርጡት ብዬ..."

"ለምን አልነገርሽኝም?"

ሚጣ ፈገግ አለች። "ድኜ ላስገርምሽ ብዬ ነዋ! ያንቺን መድኃኒት እኮ ነው የምወስደው።" ከክር ማስቀመጫው ኋላ ቆርቆሮውን አወጣች። አሥራ አንደኛው ነበር። ባዶዎቹን አዝራር መያዣ አድርጋቸዋለች፤ ግድግዳው ላይ ተደርድረው ነበር።

ሚዛን እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። "የኔ አይደለም" አለቻት። ሚጣ አላመነችም። "ድምፅሽን መቼም አላጣውም" አለች። ራዲዮው የቆረጠውን ነገረቻት፤ ሚጣ ግን መሥሪያ ቤቱ ዝም በይ ብሏት ይሆናል ብላ ጠረጠረች።

በማግስቱ ሚዛን ከላቦራቶሪው ትንሽ ብልቃጥ አዮዲን ይዛ ሄደች። ሁለት ስኒዎች አቅርባ፣ በአንዱ የቆርቆሮውን ዱቄት፣ በሌላው የተፈጨ ሩዝ አደረገች። ሁለቱም ላይ አንዳንድ ጠብታ አዮዲን ጣለች። ሁለቱም ወዲያው ወደ ጥቁር ሰማያዊ ተለወጡ።

"እህል ነው ሚጣ፤ አዮዲን እንዲህ የሚያጠቁረው እህልን ነው። እንጉዳዩን እህል ላይ ይዘሩትና ገና ሥር ሳይሰድድ ከነእህሉ ይፈጩታል። ሰባት ወር የበላሽው ዱቄት ነው።"

ሚጣ ስኒዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ባሏ ጎሚስታው በሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ እጁ በጥላሸት እንደጠቆረ። እሷ ቀና ብላ፣ "ታዲያ የእናንተስ?" አለች። "ንጹሑስ? ነጩ? እሱ አለ አይደል?"

"አለ።"

"አምጪልኛ!"

"ለሰው የሚሰጥ አይደለም። ሰው ላይ አልተሞከረም።"

"ለአይጥ ትሰጡት የለም?"

"ለአይጥ ነው እንጂ..."

"ለአይጥ ትሰጫለሽ፣ ለእኔ ትከለክያለሽ?"

ጎሚስታው ፊቱን አዙሮ ወጣ።

ሆስፒታል ወሰደቻት። ሐኪሟ ወረቀቶቹን አገላብጣ ካየች በኋላ ሚዛንን ለብቻዋ አነጋገረቻት። ከሰባት ወር በፊት ቢሆን ቀዶ ጥገናው ያዋጣ ነበር፤ አሁን ካንሰሩ ጉበቷ ላይ ደርሷል። ሚዛን ስለ ነጩ ዱቄት ጠርሙስም ጠየቀቻት። ሐኪሟ አልሳቀችባትም። "በአንዳንድ አገር ከኬሞ ጎን ለጎን የሚሰጥ የእንጉዳይ ውጤት አለ፤ በኬሞ ቦታ ግን ማንም አይሰጠውም" አለቻት። "የእናንተው ደግሞ መጠኑ አይታወቅ፣ ጉዳቱ አይታወቅ። በዚህ ጉበት ላይ? አይሆንም። ይሄን አንቺ ከእኔ የተሻለ ታውቂዋለሽ።"

ታውቀዋለች። ቢሆንም በዚያው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጧት፣ መስኮቴ ላይ መጣች።

"የዕቃ መውጫ ፎርም ስጠኝ።"

"ምን ልታወጪ?"

"አንድ ጠርሙስ።"

ገባኝ። ፎርሙን ሰጠኋት። ከሰጠኋት በኋላም ባልሰጣት ይሻል ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ። እዚያው መስኮቱ ላይ ተደግፋ ቀኑን ጻፈች። የዕቃው ዓይነት የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

"ብሰጣትና ጉበቷን ቢጨርሰውስ?" አለች። "ባልሰጣትስ፣ ምናልባት ቢያድናት ኖሮ?"

"ያድናታል ብለሽ ታምኛለሽ?"

"አላምንም።"

"እንግዲያው ምን ያስጨንቅሻል?"

"አለማመን የሚበቃኝ የሰው እህት ብትሆን ነበር" አለችና ፎርሙን አራት ቦታ ቀድዳ ኪሷ ከተተችው። ወደ ክፍሏ ተመልሳ ያን ቀን እንደ ወትሮው ስትሠራ ዋለች። በመስታወቱ አያታለሁ፤ ትመዝናለች፣ ትመዘግባለች።

ሚጣ ኬሞ ሁለት ጊዜ ወሰደች፤ ሦስተኛውን ሰውነቷ አልቻለም። ከጠርሙሱ ወዲህ እህቷን አላናገረቻትም። ሚዛን በየቀኑ ከሥራ በፊት ትሄዳለች፤ ታጥባታለች፣ ታለብሳታለች፣ ውኃ ታጠጣታለች፤ ሚጣ ሁሉንም ትቀበላለች፣ ቃል ግን አይወጣትም። ልጅቷ፣ የሚጣ ልጅ፣ ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ በሁለቱ መካከል እየተመላለሰች "ውኃ ትፈልጊያለሽ ወይ ትልሻለች"፣ "አልፈልግም በያት ትላለች" ስትል ትውላለች። ሁለቱም እዚያው አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው።

በመጨረሻው ሳምንት አንድ ጧት ሚዛን ፀጉሯን ስታበጥርላት ሚጣ ተናገረች።

"እትዬ።"

"ወዬ ሚጣዬ።"

"እኔ ላይ ሲደርስ መዘንሽው።"

ከአራት ቀን በኋላ ሞተች።

ለቅሶው ላይ ተቀምጬ የሰማሁትን ባልሰማ እወድ ነበር። "መድኃኒቱ በእጇ ሆኖ" ይላሉ ሴቶቹ፣ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ ግን እንድትሰማው አድርገው። "ለመንግሥት ዕቃ ብላ እህቷን!" ጎሚስታው ሰው ሁሉ ባለበት "ከዚህ በኋላ ቤቴ እንዳትመጪ" አላት። ሰባት ወር ሙሉ ሚስቱ ዱቄት ስትበላ ባዶ ቆርቆሮውን ግድግዳ ላይ የሰቀለላት እሱ ነው፤ ይህን ልትለው ትችል ነበር፤ አላለችውም።

ከዚያ በኋላ ከእንጉዳይ ክፍል ወደ አፈር ምርመራ እንድትዛወር አመለከተች። አፈር ሲመዝኑ የትኛውም ራዲዮ አይመጣም። ሱቁን ተቆጣጣሪዎች መጥተው አንድ ወር አሸጉት። ሲከፈት ቆርቆሮው ላይ "ለካንሰር" የሚለው ተነሥቶ "ለጤናማ ሕይወት" ተባለ። ድምፅ ማጉያው ግን አልተቀየረም። አሁን ሁለተኛ ሱቅ ከፍቷል ይባላል። የእኔንም ቆርቆሮ ጠይቃኝ አምጥቼላት ነበር፤ አዮዲን ጣለችበት፣ ጠቆረ። "ለጉልበትህ አልጠቀመህም?" አለችኝ። ጠቅሞኝ ነበር፤ ወይም የጠቀመኝ መስሎኝ ነበር። አልነገርኳትም።

ሚጣ ከሞተች ሁለት ዓመት ሲሞላ የፕሮፌሰሩ ጥናት ታተመ። የነጩ ዱቄት፣ የዚያ ጠርሙስ። አነበብኩት፤ ሁሉም ባይገባኝም መደምደሚያው ገብቶኛል። የጡት ካንሰር ባለባቸው አይጦች ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ሳህን ላይ የታየው በአካል ላይ አልተደገመም። የሚዛን ስም መጨረሻ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል፣ ከሚመሰገኑት ውስጥ ነበር፤ የአባቷ ስም ላይ ስሕተት አለበት።

እየሮጥኩ ነው የወሰድኩላት፣ በዚያ ጉልበቴ። ትገላገላለች ብዬ። "እይው! ብትሰጪያትም አያድናትም ነበር!"

ቆማ አነበበችው። "እሱንማ አውቀው ነበር" አለች። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፋ ካፖርቷ ኪስ ስትከት እንባዋ ወረደ፤ ሳትጠርገው ወደ አፈሯ ዞረች።

ቅጂውን ይዛ ጎሚስታው ዘንድ ሄደች። ሥራ ቦታው፣ ጎማዎቹ መካከል፣ ቆማ አስረዳችው። እሱ የጎማ መፍቻውን ሳያስቀምጥ አዳመጣት። "አሁን ይሄ ምን ይሠራልኛል?" አላት። ወረቀቱን ግን ተቀበላት፤ ምን እንዳደረገበት አላውቅም።

የሚጣ ልጅ አሁን ሃያ ስምንት ሆኗታል። የሚጣ ሐኪም ያኔውኑ እናቷ በአርባዎቹ ዕድሜ ስለታመመች ልጅቷ በየዓመቱ መታየት አለባት ብላ ነበር። አባትየው ረስቶታል፤ ሚዛን አልረሳችም። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ልጅቷ በር ላይ ቆማ "ከአንቺ ጋር አልሄድም" አለቻት። ሚዛን "ከኔ ጋር አትሂጂ፤ እኔ ከኋላሽ እመጣለሁ" አለቻትና እንደዚያው ሄዱ፣ አንዷ በወዲያ፣ ሌላዋ በወዲህ የመንገዱ ዳር። አሁን አንድ ታክሲ ይሳፈራሉ። አያወሩም።

ዘንድሮ መኪና ስለነበረኝ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አንድ ወንበር ባዶ ትተው ተቀመጡ። ልጅቷ ስልኳን ትነካካለች፤ ሚዛን ግድግዳው ላይ ያለውን የቁጥር ሰሌዳ ታያለች። ሰሌዳው አርባ አንድ ላይ ሲደርስ ልጅቷ ተነሣች፣ ቦርሳዋን ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጠች፣ "አክስቴ፣ ያዥልኝ" አለችና ገባች።

ሚዛን ቦርሳውን አንሥታ ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘችው።